ነፃው የዲጂታል ክምችት ሶፍትዌር አማርኛን እንዲያገለግል ሆኖ ይጫን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጋዜጦቻችን የጨረታ ገጾች ላይ የዲጂታል ላይብረሪ ሲስተም አቅርቦትንና ተከላን የሚመለከቱ ማስታወቂያዎች አልፎ አልፎ ይወጣሉ። ዩኒቨርሲቲዎች፣ የባህል ቢሮዎችና ቤተ መጻሕፍት የመመረቂያ ጽሑፎችን፣ አሮጌ ጋዜጦችን፣ ፎቶግራፎችንና የብራና መጻሕፍት ቅጂዎችን በኢንተርኔት ለአንባቢ ለማድረስ መነሣታቸው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በአንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሰርቨር (ድረ ገጾችንና ፋይሎችን ለአንባቢ የሚያቀርብ ኮምፒውተር) የማስተዳድር ሰው እንደ መሆኔ፣ እንዲህ ያሉ ሥራዎች ብዙውን ጊዜ የሚለኩት ሶፍትዌሩ ተጭኖ የመግቢያ ገጹ በመከፈቱ ብቻ መሆኑ እጅግ ያሳስበኛል። ሶፍትዌሩ በነፃ ይገኛል፤ መጫኑም በአገር ውስጥ ባለሙያ እጅ ያለ ሥራ ነው። በአማርኛና በግእዝ ለሚፈልግ አንባቢ እንዲያገለግል አድርጎ ማዘጋጀት ግን ራሱን የቻለ ሥራ ሲሆን፣ ይህ ሥራ እኔ ባነበብኳቸው የጨረታ ሰነዶች ውስጥ ተጽፎ አላየሁም።

በመጀመሪያ ስለ የትኛው ሶፍትዌር እንደምናገር ልግለጽ። ለዚህ ዐይነት ሥራ በዓለም ላይ በስፋት ከሚታወቁት ክፍት ምንጭ (ኮዳቸውን ማንም በነፃ ወስዶ ሊያሻሽለው የሚችል) ሶፍትዌሮች አንዱ ዲስፔስ ነው። በአሜሪካው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምና በሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ ትብብር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነ ሲሆን፣ የመመረቂያ ጽሑፎችንና የምርምር ውጤቶችን ለማስቀመጥ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም ይሠራበታል። ከእርሱ ቀደም ብሎ በኒውዚላንድ የዋይካቶ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በዩኔስኮ ድጋፍ የተሠራጨው ግሪንስቶን አለ፤ ክምችቱን በሲዲ ላይ ቀድቶ ኢንተርኔት ለሌለው ሰው ጭምር ማድረስ ማስቻሉ በጊዜው ትልቅ አገልግሎት ነበር። ሦስተኛው በቨርጂኒያ በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሮይ ሮዘንዝዋይግ የታሪክና የአዲስ ሚዲያ ማዕከል የተጀመረው ኦሜካ ነው። ኦሜካ እ.ኤ.አ. በ2008 ለሕዝብ የቀረበ ሲሆን፣ ኦሜካ ኤስ የተባለውና አንድ ተቋም ብዙ ድረ ገጾችን ከአንድ ክምችት እንዲያወጣ የሚያስችለው እትም እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቷል። ለፎቶግራፍ፣ ለብራና ቅጂና ለሙዚየም ዕቃ ከሁሉም የሚስማማው ይኸኛው ነው ብዬ ስለማምን አብዛኛውን ነገር የምናገረው ስለ እርሱ ይሆናል።

የኦሜካ ኤስ አጫጫን ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ሥርዓተ ክወና ለሚያውቅ ማንኛውም ወጣት ባለሙያ አስቸጋሪ አይደለም። የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው የኡቡንቱ (የሊኑክስ አንዱ ዐይነት) ሰርቨር እትም በኮምፒውተሩ ላይ ከተጫነ በኋላ፣ አፓቼ የተባለው የድረ ገጽ ሰርቨር፣ ማሪያዲቢ ወይም ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት)፣ እንዲሁም ኦሜካ የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ ፒኤችፒ ከነሚያስፈልጉት ተጨማሪ ክፍሎች ከራሱ ከኡቡንቱ የጥቅል ማከማቻ በነፃ ይወርዳሉ። ቀጥሎ ለኦሜካ ብቻ የሚሆን ዳታቤዝና በዚያ ዳታቤዝ ላይ ብቻ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ ይፈጠራል፤ የሶፍትዌሩ የታመቀ ፋይል በአፓቼ ማህደር ውስጥ ይፈታል፤ የዳታቤዙ ስም፣ ተጠቃሚና የይለፍ ቃል በአንዲት ትንሽ የቅንብር ፋይል ውስጥ ይጻፋል። ምስሎች የሚቀመጡበት ማህደር አፓቼ ሊጽፍበት የሚችል መሆን አለበት፤ የአፓቼ አድራሻ የመለወጥ ሞጁልም መከፈት አለበት፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ገጽ ብቻ ታይቶ ሌላው ሁሉ «አልተገኘም» ይላል። ከዚህ በኋላ በማሰሻ (ብራውዘር) ገብቶ የመጀመሪያውን አስተዳዳሪ ስም መሙላት ብቻ ይቀራል። ለለመደው ሰው ይህ ሁሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ለዚህ ብቻ የሚጠየቅ ትልቅ ክፍያ ካለ ተቋማት በጥንቃቄ ሊመረምሩት ይገባል።

በመጫኛው ቀን የሚገጥሙና ቶሎ የሚፈቱ እንቅፋቶችም አሉ። ፒኤችፒ ሲጫን በራሱ የሚፈቅደው የፋይል መጠን 2 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ በጥሩ ጥራት የተነሣ የአንድ ብራና ገጽ ምስል ግን ከዚህ ብዙ ጊዜ ይበልጣል፤ ስለዚህ የፋይሉም የጠቅላላ ጥያቄውም መጠን ከፍ መደረግ አለበት። ትንንሽ ምስሎችን የሚያዘጋጀው ኢሜጅማጂክ የተባለው መሣሪያ ደግሞ በኡቡንቱ ላይ ለደኅንነት ሲባል ፒዲኤፍ እንዳይከፍት ታግዶ ስለሚመጣ፣ የመመረቂያ ጽሑፎች ሽፋን ሳይታይ ሲቀር ሶፍትዌሩ የተበላሸ የሚመስላቸው አሉ። ሁለቱም በቅንብር ፋይል ውስጥ በሚደረግ ትንሽ ለውጥ ይስተካከላሉ።

ከሁሉም ይበልጥ አንባቢን የሚጎዳው ችግር ግን በርክክብ ቀን የማይታየው ነው። ኦሜካ ጽሑፍ የሚፈልገው በዳታቤዙ የሙሉ ጽሑፍ ማውጫ፣ ማለትም በመዝገቦቹ ውስጥ ያሉት ቃላት ተዘርዝረው በሚገኙበት ዝርዝር አማካይነት ነው። ዳታቤዙ ይህን ማውጫ ሲያዘጋጅ አጫጭር ቃላትን ጥቅም እንደሌላቸው ቆጥሮ ይተዋቸዋል፤ ኢኖዲቢ በሚባለው የሠንጠረዥ ዐይነት ከ3 ፊደል ያነሰ ቃል፣ ማይአይሳም በሚባለው በቀድሞው ዐይነት ደግሞ ከ4 ፊደል ያነሰ ቃል ማውጫው ውስጥ አይገባም። ለእንግሊዝኛ ይህ አሠራር ምክንያት አለው፤ በዚያ ቋንቋ ባለ ሁለት ፊደል ቃላት በአብዛኛው አገናኝ ቃላት ናቸውና። የእኛ ፊደል ግን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ስለሚይዝ ቃሎቻችን በፊደል ቁጥር ሲታዩ አጫጭር ናቸው። «ቅኔ»፣ «ዜማ»፣ «ድጓ»፣ «ሕግ»፣ «ቤት»፣ «ጦር» ሁሉም ባለ ሁለት ፊደል ናቸው። ሠንጠረዡ የቀድሞው ዐይነት ከሆነ ደግሞ «ገድል»፣ «ዳዊት»፣ «ንጉሥ» እና «ጉልት» ጭምር ይቀራሉ። እንግዲህ የብራና መጻሕፍት ክምችት ተሠርቶ፣ በውስጡ የቅኔና የድጓ መጻሕፍት በስማቸው ተመዝግበው ሳለ፣ አንድ የቅኔ መምህር ወይም ተማሪ «ድጓ» ብሎ ሲፈልግ ምንም የለም የሚል መልስ ያገኛል ማለት ነው። ፈላጊው ዕቃው የለም ብሎ ይሄዳል፤ ተቋሙም አንባቢ የለንም ብሎ ይደመድማል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የዳታቤዙን ትንሹን የቃል ርዝመት ወደ 2 ዝቅ ማድረግ፣ ዳታቤዙን አጥፍቶ ማስነሣት፣ ከዚያም ማውጫውን እንደ አዲስ ማሠራት ነው። ቅንብሩን ቀይሮ ማውጫውን እንደ አዲስ አለማሠራት ምንም ለውጥ አያመጣምና ይህ የመጨረሻው እርምጃ እንዳይረሳ አጥብቄ አሳስባለሁ። ሥራው የደቂቃዎች ነው፤ የሚያሳዝነው ግን ማንም ካልጠየቀ ማንም አያደርገውም።

ሁለተኛው የፍለጋ ችግር ከአጻጻፋችን የመጣ ነው። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት ብዙ ናቸው፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በአነጋገር አይለዩም፤ ከእነዚህም መካከል የአንዳንዶቹ ግእዝና ራብዕ እንኳ ድምፃቸው አንድ ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብቻ ብንወስድ፣ የመጀመሪያው ፊደል በሁለት መንገድ፣ ሁለተኛው በስድስት መንገድ ሊጻፍ ስለሚችል አሥራ ሁለት ዐይነት አጻጻፍ ይኖረዋል። ለኮምፒውተሩ እነዚህ አሥራ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በካታሎጉ «ሥላሴ» ተብሎ የተመዘገበውን መጽሐፍ «ስላሴ» ብሎ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። የግእዝ ሊቃውንት ፊደላቱን ለይተን እንጻፍ ማለታቸው ትክክል ነው፤ እኔም በካታሎጉ ውስጥ ትክክለኛው አጻጻፍ ሳይነካ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። ፈላጊው ግን የካታሎጉን ሠራተኛ ያህል ፊደል እንዲያውቅ ማስገደድ አይገባም። ዲስፔስ ለፍለጋ የሚጠቀምበት ሶላር የተባለው ሞተር ይህን የሚፈታ መንገድ አለው፦ ጽሑፉ ወደ ማውጫ ከመግባቱ በፊት ሞክሼ ፊደላቱን ሁሉ ወደ አንድ የሚመልስ የምትክ ሰንጠረዥ ይሰጠዋል፤ ፈላጊው የሚጽፈውም ቃል በዚያው ሰንጠረዥ ያልፋል፤ የሚታየው ጽሑፍ ግን እንደ ተጻፈ ይቆያል። ሰንጠረዡን አንድ ሰው አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ቢያዘጋጀው አገር ሁሉ ሊጠቀምበት ይችላል። በኦሜካ ግን፣ ሶላርን የሚያገናኝ ተጨማሪ ሞጁል ካልተጫነ፣ ያለው አማራጭ ሌላውን አጻጻፍ በአማራጭ ርዕስ መስክ ውስጥ ጨምሮ መመዝገብ ነው፤ ይህም ካታሎግ የሚሠራውን ሰው ብዙ ያደክመዋል።

በዚህ ላይ የቃል እርባታችን አለ። «ቅኔ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «የቅኔ»፣ «በቅኔው» እና «ቅኔዎች» የሚሉትንም ማግኘት ይሻል፤ ሶላር ለዐረብኛ፣ ለሂንዲና ለሌሎች በርካታ ቋንቋዎች ቃልን ወደ ሥሩ የሚመልስ መሣሪያ ይዞ ሲመጣ፣ ለአማርኛ የሚሆን ይዞ አይመጣም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በሌሎችም የኮምፒውተር ሳይንስና የቋንቋ ክፍሎች በዚሁ ጉዳይ ላይ የመመረቂያ ጽሑፎች እንደሚሠሩ አውቃለሁ። ከእነዚህ አንዱ በሶላር ውስጥ ሊሰካ በሚችል መልክ ተዘጋጅቶ በነፃ ቢለቀቅ ለአገራችን ቤተ መጻሕፍት የሚሰጠው ጥቅም ታላቅ ይሆን ነበር። እስከዚያው ድረስ ቁልፍ ቃላትን ያለ ቅድመ ቅጥያና ያለ ድኅረ ቅጥያ መመዝገብ ብዙ ያግዛል።

ስለ አሮጌ ጽሑፎችም መናገር ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት በኮምፒውተር ላይ የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው ደረጃ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ሲሆን፣ በሥራ ላይ እስኪለመድ ደግሞ ብዙ ዓመታት ወስዷል። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ በቪዥዋል ግእዝና በፓወር ግእዝ የቀድሞ ፎንቶች የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች በየዩኒቨርሲቲው ሞልተዋል። እነዚህ በዐይን ሲታዩ አማርኛ ይምሰሉ እንጂ በውስጣቸው ያሉት የላቲን ምልክቶች ናቸው፤ ሶፍትዌሩ ጽሑፋቸውን አውጥቶ ሲያነብ የሚያገኘው ማንም የማይፈታው የፊደል ቅይጥ ነው። ስለዚህ ፋይሉን ወደ ክምችቱ መስቀል ብቻ አይበቃም፤ ወይ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ፣ ወይም ገጾቹን እንደ ምስል ወስዶ በፊደል ለቃሚ ሶፍትዌር ማስነበብ ያስፈልጋል። ቴሰራክት የተባለው ነፃ ፊደል ለቃሚ አማርኛንና ትግርኛን ለማንበብ የሠለጠነ ፋይል አለው፤ በኡቡንቱ ላይም በቀጥታ ይጫናል። በንጹሕ የታተመ ገጽ ላይ ውጤቱ ጠቃሚ ነው፤ በእጅ ለተጻፈ ብራና ግን አልተሠራም፣ ለብራና የሰው ካታሎግ ምትክ የለውም።

የዳታቤዙ የፊደል ቅንብርም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መስተካከል አለበት። በላቲን ቅንብር የተፈጠረ ዳታቤዝ አማርኛውን በጥያቄ ምልክት ይተካዋል፤ አንዴ ከተተካ ደግሞ የጠፋውን ጽሑፍ መመለስ አይቻልም። የማይኤስኪውኤል የቀድሞው ዩቲኤፍ-8 የተባለው የፊደል ቅንብር ለአንድ ፊደል እስከ 3 ባይት ብቻ የሚፈቅድ በመሆኑ ለአማርኛ፣ ለግእዝና ለትግርኛ ይበቃል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኒኮድ 14 የተጨመሩት የጉራጊኛ ፊደላት 4 ባይት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ዳታቤዙ ባለ 4 ባይት በሆነው አዲሱ ቅንብር መፈጠር ይኖርበታል። ይህን ከመጀመሪያው ማድረግ አንድ መስመር ትእዛዝ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ መዝገቦች ከገቡ በኋላ መለወጥ ግን አድካሚና አደገኛ ነው።

ከፊደል አልፎ የስምና የዘመን ጉዳይ አለ። ዲስፔስ ቅንብሩ ሳይለወጥ እንደ ተጫነ የደራሲን ስም የሚቀበለው የቤተሰብ ስምና የራስ ስም ብሎ ከፍሎ ነው። ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም የለውም፤ የራሱ ስምና የአባቱ ስም ነው ያለው። ቅጹን የሚሞላው ተማሪ አንዱን የአባቱን ስም ያስቀድማል፣ ሌላው የራሱን፣ ሦስተኛው የአያቱን፤ በመጨረሻም የአንድ መምህር ጽሑፎች በሦስት ስም ተበታትነው ይቀራሉ። በማስገቢያ ቅጹ የቅንብር ፋይል ውስጥ የስሙን መስክ ከተከፈለ ስም ወደ አንድ ወጥ ሳጥን መለወጥ ይቻላል፤ ለአገራችን የሚገባውም ይህ ነው። ዘመኑም እንዲሁ ነው። ሥርዓቱ የሚጠብቀው የአውሮፓውያንን ዘመን ስለሆነ 2012 ዓ.ም. ብሎ የተሞላ የመመረቂያ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2012 እንደ ተጻፈ ይቆጠርና በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። በዘመን መስኩ የአውሮፓውያኑን፣ ለብቻው በተጨመረ ሌላ መስክ ደግሞ በሰነዱ ላይ የተጻፈውን የእኛን ዘመን መመዝገብ ሁለቱንም ያስማማል። በብራናዎች ላይ ዓመተ ዓለምም ዓመተ ምሕረትም ስለሚገኝ ጸሐፊው የጻፈውን ሳይለውጡ መገልበጥ ግዴታ ነው።

ሰርቨሩ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። በውጭ አገር ባለ የኪራይ ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ ከመብራት መቋረጥ ይገላግላል፤ በየወሩ ግን በውጭ ምንዛሪ መክፈልን ይጠይቃል፤ ክፍያው በተቋረጠ ቀን ክምችቱም ይዘጋል። በግቢ ውስጥ ያለ ሰርቨር በአንጻሩ የውጭው ኢንተርኔት በጠፋ ጊዜ እንኳ በግቢው ኔትወርክ ለተማሪውና ለመምህሩ ያገለግላል፤ ይህን ጥቅም በአገራችን ሁኔታ አሳንሶ ማየት አይቻልም። የውጭ ተቋማት ለቅርሳችን ያደረጉትን አልክድም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን አንሥቶ ቅጂያቸው በሚኒሶታ በሂል ሙዚየምና የብራና ላይብረሪ እንዲኖር አድርጓል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለአሥርታት በዚያ ተቀምጠው ያዘጋጁት ካታሎግ ባይኖር ብዙ ነገር ተሰውሮ በቀረ ነበር። ነገር ግን ትልቅነት ከአደጋ አያድንም። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በብሪቲሽ ላይብረሪ ላይ በደረሰው የሳይበር ጥቃት ካታሎጉና በዲጂታል የተነሡ የብራና መጻሕፍቱ ለብዙ ወራት ከኢንተርኔት ተሰውረዋል። ከመቅደላ የተወሰዱ ብራናዎቻችን አብዛኞቹ የሚገኙት በዚያ ላይብረሪ ነው። እዚህ ቅጂ ያለው አንባቢ ሥራውን ይቀጥላል፤ የሌለው እስኪጠገን ይጠብቃል።

ይህ ጥቃት ስለ ደኅንነትም እንድናስብ ግድ ይላል። ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር በየጊዜው ካልታደሰ ለአጥቂ የተተወ በር ነው። የዲስፔስ 6 እትም ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2023 አጋማሽ ላይ አብቅቷል፤ ከዚያ ወዲህ የሚገኝ ቀዳዳ አይደፈንለትም። ከ7ኛው እትም ጀምሮ ያለው አሠራር የፊቱ ገጽና የኋላው ክፍል ለየብቻ የሚሠሩ በመሆናቸው የበለጠ የማስታወሻ አቅምና የበለጠ እውቀት ይጠይቃል፤ በዚህም ምክንያት በድሮው እትም ላይ የቀሩ ተቋማት እንዳሉ ይገባኛል፤ ችግሩ ግን ቆይቶ የሚቀል አይደለም። አቅሙ የሌለው ተቋም በቀላሉ የሚያድሰውን ኦሜካን ቢመርጥ ይሻለዋል። ዳታቤዙና ሶላር ከውጭ የሚደረስባቸው መሆን የለባቸውም፤ ለአንባቢ መከፈት ያለበት የድረ ገጹ በር ብቻ ነው። በአንባቢውና በድረ ገጹ መካከል የሚተላለፈውን መረጃ ለማመስጠር የሚያስፈልገው የድረ ገጹ የምስጢር ሰርተፍኬትም ሌትስ ኢንክሪፕት ከተባለው ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት በነፃ ይገኛል፤ ለ90 ቀን የሚያገለግል ሲሆን ሰርቨሩ ራሱ እንዲያድሰው ማድረግ ይቻላል።

የመጠባበቂያ ቅጂ ጉዳይ በአጭሩ ይኸው ነው፦ በኦሜካ ክምችቱ በሁለት ቦታ ይኖራል፤ መግለጫው በዳታቤዙ፣ ምስሉ በፋይል ማህደሩ ውስጥ ነው። አንዱን ብቻ የቀዳ ሰው ምንም አልቀዳም፤ መግለጫ የሌለው ምስል የየትኛው መጽሐፍ ገጽ እንደ ሆነ አይታወቅምና። ሁለቱም በየሌሊቱ ወደ ሌላ ዲስክ፣ በየሳምንቱ ደግሞ ወደ ሌላ ሕንፃ ወይም ወደ ሌላ ከተማ መሄድ አለባቸው። ቅጂው መኖሩ ብቻ ሳይሆን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተመልሶ መሥራቱ በየጊዜው መሞከር አለበት። ትልቁ የብራና ምስል ወደ ድረ ገጹ የሚሰቀል ቢሆንም ዋናው ጥራቱ ያልተቀነሰ ፋይል ከሰርቨሩ ውጭም መቀመጥ ይኖርበታል።

አሁን ወደ ዋናው ምክንያት ልምጣ። ከላይ የዘረዘርኳቸው ችግሮች አንዳቸውም ገንዘብ የማይፈታቸው ወይም እውቀቱ በአገር ውስጥ የሌለ አይደሉም። የጎደለው በቦታው የሚቆይ ሰው ነው። ብዙ ክምችቶች የሚጀመሩት በእርዳታ ፕሮጀክት ነው፤ ፕሮጀክቱ ኮምፒውተርና ስካነር ይገዛል፣ ሥልጠና ይሰጣል፣ ሶፍትዌሩ ይጫናል፣ ከዚያም ያልቃል። ሰርቨሩን የጫነው ወጣት የተሻለ ደመወዝ ወዳለበት ባንክ ወይም የግል ድርጅት ይሄዳል፤ የይለፍ ቃሉ ከእርሱ ጋር ይሄዳል፤ ምን እንደ ተጫነና የት እንደ ተቀመጠ የሚገልጽ ጽሑፍ አይኖርም። ወጣቱን አልወቅስም፤ ተቋሙ በመዋቅሩ ውስጥ ለዚህ ሥራ መደብ አልከፈተለትም። በብዙ ቦታ የሰርቨሩ ባለሙያ በአይሲቲ ክፍል፣ የካታሎግ ባለሙያው በቤተ መጻሕፍቱ ሆነው ሳይገናኙ ይኖራሉ፤ «ድጓ» ተፈልጎ እንደማይገኝ የሚያውቀው አንዱ ነው፣ ሊያስተካክል የሚችለው ግን ሌላው ነው።

ስለዚህ ዲጂታል ክምችት የሚያቋቁሙ ተቋማት የሚከተለውን በሰነዶቻቸው ውስጥ እንዲጽፉ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ርክክቡ የሚፈጸመው የመግቢያው ገጽ ሲከፈት ሳይሆን፣ የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ በራሱ የመረጣቸውን የአማርኛና የግእዝ ቃላት፣ ባለ ሁለት ፊደሎቹንና በተለያየ ሞክሼ ፊደል የሚጻፉትን ጨምሮ፣ ፈልጎ ሲያገኝ ይሁን። የጫነው ወገን ቅንብሮቹን ሁሉ በአማርኛ ጽፎ ያስረክብ፤ የሰርቨሩም ሙሉ ሥልጣን በተቋሙ ስም ይሁን። ከመጠባበቂያ ቅጂው ክምችቱን በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሶ ማቆም በርክክቡ ዕለት በተግባር ይታይ። ለአስተዳዳሪው የሥራ መደብ ይከፈት፤ ቤተ መጻሕፍቱም በሥራው ላይ እኩል ድምፅ ይኑረው። የመመረቂያ ጽሑፎችን የሚለቅ ተቋም ደግሞ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የጸሐፊውን ፈቃድ በቅድሚያ ይቀበል፤ ሶፍትዌሮቹ አንድን ሥራ ለግቢ ብቻ ወይም ለሕዝብ መክፈትን ስለሚፈቅዱ ይህ ለሥራው እንቅፋት አይሆንም።

የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ትምህርት ሚኒስቴርም በዚህ ጉዳይ ትልቅ ሚና ሊኖራቸው ይችላል። የከፍተኛ ትምህርት ብሔራዊ ክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በ2012 ዓ.ም. መባቻ ሲጸድቅ በመንግሥት ገንዘብ የተሠሩ የምርምር ውጤቶች ለሕዝብ ክፍት እንዲሆኑ አቅጣጫ አስቀምጧል። ያን አቅጣጫ ለመፈጸም እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ለየብቻው አንድ ዐይነት ችግር መፍታት አይኖርበትም። የሞክሼ ፊደላት የምትክ ሰንጠረዥ፣ የስምና የዘመን መስኮች ቅንብር፣ የዳታቤዙ የቃል ርዝመትና የፊደል ቅንብር፣ የገጹ ቃላት የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ትርጉም በአንድ ጥቅል ተዘጋጅተው ማንኛውም ተቋም በነፃ ሊያወርዳቸው ቢችል፣ የጅማው፣ የመቐለውና የጎንደሩ ባለሙያ ጊዜውን ክምችቱን በማሳደግ ላይ ሊያውለው ይችላል። ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፤ አንዱ ያስተካከለውን ሌላው ፈቃድ ሳይጠይቅ ይወስዳል፣ አሻሽሎም ይመልሳል።

እኔ በሥራዬ ላይ ለኦሜካ ኤስና ለዲስፔስ ያሰባሰብኳቸውን ቅንብሮች ለዚህ ዐይነት የጋራ ጥቅል መነሻ እንዲሆኑ ለማንኛውም የመንግሥት፣ የቤተ እምነት ወይም የማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍት ያለ ክፍያ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ፤ በጋዜጣው ዝግጅት ክፍል በኩል ለሚጠይቀኝ ሁሉ እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሰርቨር አስተዳዳሪ
ከባሕር ዳር